የቀኝ ግንባሬ ሳይነስ "የለም" ተባለ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል ወይ?

ጥያቄው፦ "ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው የምኖረው። ከቅንድቤ በላይ በቀኝ በኩል እየሄደ የሚመለስ ሕመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ኤክስሬይ ተነስቼ የቀኝ ግንባርሽ ሳይነስ ተደፍኗል ተብዬ ኦግመንቲንም አዚትሮማይሲንም በየጊዜው ወስጃለሁ፣ ይሻለኛል ደግሞ ይመለሳል። አሁን ሲቲ ስካን ተነሳሁና የቀኙ ፍሮንታል ሳይነስ የለም፣ የግራው ሰፊ ሆኖ መሐል መስመሩን አልፏል የሚል መጣ። እማየ በሽታው አጥንቱን በልቶት ነው ትላለች፣ አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ሄደሽ ካላስከፈትሽው ወደ ጭንቅላትሽ ይገባል አለኝ። ለስራ በአውሮፕላን መሄዴ አይቀርም፣ እሱንም ፈራሁት። ወንድሜም ግንባሩን ያመዋልና እሱስ ሲቲ ይነሳ?" የሪፖርቱን ፎቶም ልካለች። ከላይ ካለችው ሌላ በግራ "ሱፕራ አገር ፍሮንታል ሴል" አለ፣ የጉንጭ ሳይነሶች ሽፋን በትንሹ ወፍሯል፣ የአፍንጫ መሐል ግድግዳ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ ውሃ ወይም መግል ቋጥሮ የሚታይ የለም፣ አጥንቱ ሁሉ ደህና ነው ይላል።

ከ"የለም" ልጀምር። ሳይነስ ማለት አጥንት ውስጥ ያለ አየር የያዘ ክፍተት ነው፣ የግንባሩ ፍሮንታል ሳይነስ ይባላል። ቀኝ ግንባርሽ ውስጥ የነበረ ነገር ተበልቶ አልጠፋም፣ መጀመሪያውኑም አልተፈጠረም፣ በቃ። በሽታ አይደለም፣ ጉድለት ብዬ ለመጥራትም ይከብደኛል፣ ሳይነሱ የሌለው ሰው እንደማንም ይተነፍሳል፣ እንደማንም ያሸታል፣ ሲቲ ካልተነሳ ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። ከሪፖርቱ ያገኘሽው ትልቁ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳልሽም መሰለኝ። የሚያምሽ በቀኝ ነው፣ ሳይነስ የሌለውም በቀኝ ነው። በሌለ ሳይነስ ውስጥ መግል አይቋጠርም። ሁለት ዓመት ስትታከሚለት የኖርሽው የቀኝ ግንባር ሳይነሳይተስ፣ ማለትም የሳይነስ ቁጣ፣ የሚቀመጥበት ቦታ እንኳን የለውም ማለት ነው፣ ስለዚህ ምኑን ላስከፍት የሚለውን ተይውና ታዲያ የሚያመኝ ምንድነው ብለሽ ጠይቂ፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ስንወለድ ግንባራችን ውስጥ ሳይነስ የሚባል ነገር የለም፣ የማንም ሕፃን። ከአፍንጫ ጣሪያ አጠገብ ኤትሞይድ የሚባሉ ትንንሽ የአየር ክፍሎች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ወደ ላይ ወደ ግንባር አጥንት መግባት ይጀምራል፣ በኤክስሬይ ለመታየት 6 ወይም 8 ዓመት ይፈጅበታል፣ ጉርምስና ላይ ይፈጥናል፣ ወደ 20 ዓመት ሲጠጋ ማደጉን ያቆማል። እና ግራና ቀኙ አይጠባበቁም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያድገው። አንዱ ቀድሞ ሰፋ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ሌላው ከቅንድብ በታች ይቀራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። ለዚህ ነው ሁለቱ እኩል የሆኑለት ሰው ማግኘት የሚከብደው፣ መሐላቸው ያለው ቀጭን ግድግዳም ብዙ ጊዜ ወደ አንዱ ጎን የተገፋ ነው። ሁለቱም የሌሉት ሰው በብዙ ጥናት ከ100 ሰው 3፣ 4፣ 5 አካባቢ ነው የሚገኘው፣ በአርክቲክ በሚኖሩት ኢኑይት ላይ ደግሞ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንዳንቺ አንዱ ብቻ የሌለውም ብርቅ አይደለም። ለነገሩ የግንባር ሳይነስ ቅርፅ ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ፣ አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ ስለማይመሳሰሉበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ለመለየት ሲያገለግል ኖሯል፣ በሕይወቱ የተነሳውን ፊልም ከአስከሬኑ ፊልም ጋር እያስተያዩ።

ታዲያ ኤክስሬዩ ለምን ተደፍኗል አለ? ኤክስሬይ ላይ አየር ጥቁር ነው፣ አጥንት ነጭ። ሳይነስ በመግል ወይም ባበጠ ሽፋን ሲሞላ ጥቁሩ ይጠፋና ይነጣል። ሳይነስ ያልተፈጠረበት ግንባርም ደፍን አጥንት ስለሆነ ይነጣል። ኤክስሬይ ደግሞ ከፊት እስከ ማጅራት ያለውን ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ስለሚደራርበው ሁለቱን መለየት አይችልም፣ በተለይ አንዱ ጎን ጥቁር ሌላው ነጭ ሆኖ ሲታይ ዓይን ወዲያው "ይሄኛው ታሟል" ይላል። ኤክስሬዩን ያነበበውን ሰው በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ያው አንቲባዮቲክ እየተደጋገመ ሲታዘዝና ሕመሙ እየተመለሰ ሲመጣ ቆም ብሎ ምርመራው ልክ ነው ወይ ያለ ሰው አለመኖሩን ነው። አዋቂ ሰው ላይ የግንባር ሳይነስን በኤክስሬይ ብቻ መወሰን ዛሬ ዛሬ አይመከርም፣ እንኳን መድኃኒት ደጋግሞ ለማዘዝ።

ሲቲ ግን ስስ አድርጎ ይቆራርጠዋል፣ ለሳይነስ ሲሆን 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዛ በታች፣ ከዛ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ በሦስት አቅጣጫ እናየዋለን። እንዳንቺ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ከፊት በሚታየው ምስል ከአፍንጫ ጀምረን ወደ ኋላ ስናንሸራትት፣ ከግራ ቅንድብ በላይ ጥቁር አየር ብቅ ይልና እየሰፋ ይሄዳል፣ ጠርዙ ገባ ወጣ ያለ፣ ዙሪያውን ጥርት ያለ ነጭ መስመር የከበበው። ወደ ቀኝ ስንመጣ ጥቁር የለም፣ ከውጭ አንድ ጠንካራ የአጥንት ገጽ፣ ከውስጥ አንድ ጠንካራ ገጽ፣ መሐላቸው መቅኔ ያለበት ግራጫ ስፖንጅማ አጥንት፣ ልክ ሌላው የራስ ቅል ላይ እንደሚታየው። በሽታ የበላው አጥንት እንዲህ ጥሩ ሆኖ አይቀመጥም። የተበላ ከሆነ ጠርዙ የተቆራረጠ ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ አጠገቡ ያበጠ ስጋ ይታያል። ለብዙ ጊዜ የቆየ ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይጠነክራል። ሙኮሲል የሚባለው፣ ማለትም መውጫው ተዘግቶ በራሱ ንፍጥ የተወጠረ ሳይነስ ከሆነ ያ ገባ ወጣ ያለው ጠርዝ ይጠፋና ክብ ይሆናል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ዓይንን ወደ ታችና ወደ ውጭ ይገፋል። ከነዚህ አንዱም ሪፖርትሽ ላይ የለም። አጥንቱ ደህና ነው የሚለው መስመር ለእማየ የሚነበብላቸው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ቦታ ምስሉን ብታስነብቢው "የለም" በሚለው ፈንታ "በጣም ትንሽ ነው" ሊሉሽ ይችላሉ። አትደንግጪ። ብዙዎቻችን የምንለካው በሁለቱ የዓይን ጉድጓድ የላይ ጠርዝ በምናሰምረው መስመር ነው፣ አየሩ ከመስመሩ በላይ ካልወጣ "የለም" እንላለን፣ ሌላው ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለችውን ትንሽ አየር ቆጥሮ "ያልዳበረ" ይላል። ላንቺ ለውጥ የለውም።

የግራው ሰፊ መሆን። ይሄንን ብዙ ሰው እያበጠ ነው ብሎ ይረዳዋል፣ አይደለም። ቀኙ ቦታውን ስላልያዘ ግራው ተሻግሮ ይዞታል፣ ማደጉንም ጨርሷል። ግድግዳው ወደ ውጭ እስካልተወጠረና እስካልሳሳ ድረስ ስፋት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዓይን ጉድጓድ ጣሪያ በላይ እስከ ጆሮ ግንድ አቅጣጫ ድረስ የሚሄድ አለ። ግን ይቺን ልብ በይ፣ የተሻገረው የግራ ሳይነስ በቀኝ ግንባር በኩል ትንሽ አየር ሊያሳይ ይችላል፣ ያ አየር የቀኙ ሳይነስ ሳይሆን የግራው ክፍል ነው፣ የሚፈሰውም በግራ መንገድ ነው። ራዲዮሎጂስቱ መሐል መስመሩን አልፏል ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው፣ ጥሩ ንባብ ነው።

"ሱፕራ አገር ፍሮንታል ሴል" የሚለው ነው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው፣ ሴል ሲባል ካንሰር የሚመስለው አለ፣ እዚህ ጋር ግን ትንሽ የአየር ክፍል ማለት ብቻ ነው። የግንባር ሳይነስን የተገለበጠ ጀበና አድርገሽ አስቢው፣ ሆዱ ግንባር ውስጥ፣ አንገቱ ወደ አፍንጫ። አንገቱ ጠባብ ነው፣ ከሱ በታች ፍሮንታል ሪሰስ የሚባል ሰርጥ አለ፣ ሰርጡን ግራና ቀኝ ፊትና ኋላ የሚያጣብቡት እነዚህ ክፍሎች ናቸው። ከፊት ያለው አገር ናዛይ የሚባለው ከ10 ሰው 9ኙ ላይ አለ ብትይ አታጋንኚም፣ ከሱ በላይ የተቀመጠ ሲጨመር ሱፕራ አገር ይባላል፣ እሱ ወደ ሳይነሱ አንገት ውስጥ ሲዘልቅ ሱፕራ አገር ፍሮንታል፣ ከኋላ በኩል ሱፕራ ቡላ የሚባሉት፣ ከዓይን ጉድጓድ በላይ የሚሄድ ሱፕራ ኦርቢታል፣ መሐል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ደግሞ ፍሮንታል ሴፕታል። ድሮ እኛ ስንማር በኩን አከፋፈል 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያልን ነበር የምንጠራቸው፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይሄ አዲሱ ዓለም አቀፍ አጠራር መጣና ሪፖርቶቹ ረዘሙ፣ ታካሚዎችም የበለጠ መደንገጥ ጀመሩ። ክፍሉ መኖሩ ብቻውን በሽታ አያመጣም፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይ ሞልቷል። ትርጉም የሚኖረው ከሱ በላይ ያለው ሳይነስ ከታፈነ ነው። ያንቺ የግራ ሳይነስ ጥቁር ነው፣ አየር አለው፣ ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሴሉም የቤቱ አካል ሆኖ ይቀመጥ።

የመሐል ግድግዳው መዝመም በዚህ ደረጃ ከሆነ አብዛኛው ሰው ላይ አለ፣ እለፊው።

የጉንጭ ሳይነስ ሽፋን በትንሹ መወፈር ግን "ይኸው ሳይነስ አለብኝ" ለማለት የሚያገለግል መስመር ስለሆነ ልያዘው። ሲቲ ስትነሺ ጉንፋን ነበረብሽ? ወይ ከዛ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት? ጉንፋን ራሱ ይሄን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት ተራ ጉንፋን የያዛቸውን 31 ሰዎች ሲቲ አንስቶ 87 በመቶው የጉንጭ ሳይነስ ላይ፣ 32 በመቶው የግንባር ሳይነስ ላይ ለውጥ አገኘ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመካከላቸው የተወሰኑትን በድጋሚ ሲያነሷቸው የአብዛኞቹ ያለ ምንም አንቲባዮቲክ ጠፍቷል ወይም በጣም ተሻሽሏል። እና ሲቲ ላይ ትንሽ መወፈር ታየ ማለት ሳይነሳይተስ አለ ማለት አይደለም። ሥር የሰደደ ሳይነሳይተስ ለማለት ምልክቱ 12 ሳምንትና ከዛ በላይ መቆየት አለበት፣ ከምልክቶቹም ወይ የአፍንጫ መታፈን ወይ ወፈር ያለ ፈሳሽ ከፊት ወይም ወደ ጉሮሮ መውረድ የግድ መኖር አለበት። ግንባር ማመም ብቻውን፣ አፍንጫው ደህና ሆኖ፣ አይሞላም።

እንግዲህ ወደ ሕመምሽ። በአንድ ወገን ቅንድብ ላይ የሚነሳ፣ እየሄደ የሚመለስ፣ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ሲቲ ላይ ምንም የሌለው ሕመም ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው ማይግሬንን ነው። ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 3,000 የሚጠጉ "የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ" የሚሉ ሰዎች ተመርምረው 88 በመቶው የማይግሬን ዓይነት ሕመም ነው ያለባቸው ተባለ። ሰው የሚሳሳትበት ምክንያት አለው፣ ማይግሬን ሲነሳ በዛው ጎን ዓይን ያስለቅሳል፣ አፍንጫ ያፍናል፣ ንፍጥ ያመጣል፣ የአየር ለውጥም ይቀሰቅሰዋል፣ ይሄን ያየ ሰው ሳይነስ ነው ቢል አይፈረድበትም። ራስሽን ጠይቂ፦ ሲነሳ እንደ ልብ ትርታ ይመታል? ብርሃንና ጩኸት ያስጠላሻል? የዕጣን ጢስ ወይም የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ያባብሰዋል? ያቅለሸልሻል? ሰዓታት ቆይቶ ወይም አንድ ሁለት ቀን ውሎ አድሮ ራሱ ይለቃል? የወር አበባ ሲቃረብ ይመጣል? ከነዚህ ሁለት ሦስቱን አዎ ካልሽ ወደ ማይግሬን በጣም ተጠግተሻል። አንቲባዮቲክ ስወስድ ይሻለኛል ያልሽውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፣ ማይግሬን ራሱ መልቀቁ አይቀርምና የሚለቅበት ሰዓት ከኪኒኑ ጋር ሲገጥም ምስጋናውን ኪኒኑ ይወስደዋል።

ጾምን ሳላነሳ አላልፍም። እኛ አገር በተለይ ሁዳዴ ላይ ግንባራቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይበዛሉ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ጠዋት ቡናውን ሲያቆም ካፌይኑ ከወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ራስ ምታት ይነሳል፣ በዛ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለመብላት፣ ውሃ አለመጠጣትና እንቅልፍ መዛባት አለ፣ ማይግሬን ላለበት ሰው ይሄ ሁሉ በአንዴ ነው። ጹሚ አትጹሚ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ቡናውን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ስኒ አውርጂው፣ ማታ ማታ ውሃ ጠጪ።

ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ከቅንድብ ሥር የሚወጣው ነርቭ ሲቆጣ እዛው አጥንቱ ጠርዝ ላይ ወደ አፍንጫ ጠጋ ብለሽ በጣት ስትጫኚው ሕመሙ ራሱ ይነሳል፣ የዓይን መነጽር መለወጥ የሚያስፈልገው ሰውም ወደ ማታ ግንባሩን ያመዋል። ደግሞ ስንት ማስታገሻ እየወሰድሽ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር ከ15 ቀን በላይ፣ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች ደግሞ ከ10 ቀን በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ጠይቄ ሳልጨርስ "አዎ በየቀኑ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

የምመክርሽ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኦፕራሲዮን የለም፣ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ የለም፣ ሲቲም አትድገሚ። ከዛሬ ጀምረሽ ሕመሙ የተነሳበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ጎን፣ የበላሽውን ያልበላሽውን፣ የወር አበባ ቀን፣ የወሰድሽውን ኪኒን ስልክሽ ላይ መዝግቢና ይዘሽ ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ነርቭ ሐኪም ሂጂ። ማይግሬን ከሆነ ሲነሳ የሚወሰድ አለ፣ እንዳይነሳ በየቀኑ የሚወሰድ አለ፣ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ፋርማሲ ሁሉ የሚገኙ ናቸው፣ ግን ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፣ ፕሮፕራኖሎል ለምሳሌ አስም ላለበት ሰው አይሆንም።

አፍንጫሽም የሚያስቸግርሽ ከሆነ፣ ጎንደር በጋ ላይ አቧራውን ታውቂዋለሽ፣ በዛ ላይ የከሰልና የማገዶ ጢስ አለ፣ በጨው ውሃ እጠቢው። አንድ ብርጭቆ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንጥር የዳቦ ሶዳ። መርፌው የወጣ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለሽ አፍሽን ከፍተሽ በአንዱ አስገብተሽ በሌላው ይውጣ። ያልፈላ ውሃ፣ ከቧንቧም ከምንጭም የተቀዳ፣ ወደ አፍንጫ አታስገቢ፣ እምብዛም ባይሆንም ወደ አንጎል የሚወጣና የሚገድል አሜባ አለ። ከዛ በኋላ እንደ ሞሜታሶን ወይም ፍሉቲካሶን ያለ የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ የቀኙን አፍንጫ በግራ እጅ የግራውን በቀኝ እጅ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ ዞሮ እንጂ ወደ መሐል ግድግዳው አይደለም፣ ወደ መሐል የሚነፋ ሰው ነው የሚነስረው። በሦስት ቀን አልሰራም ብለሽ እንዳትተዪው። የሚከፍቱ ጠብታዎችን፣ ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊንን፣ ከ5 ቀን በላይ አትጠቀሚ፣ ካለፈ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈት ይላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፣ አልከለክልም፣ ግን የፈላ ድስት ላይ በነጠላ ተሸፋፍኖ መደፋት ስንቱን ፊት አቃጥሏል። ወደ አፍንጫ የሚሳብ የሥር ዱቄት፣ ግንባር መበጣትና ዋግምት ግን ተዪ፣ ይሄን በጥብቅ ነው የምለው።

ኦፕራሲዮን ለማን ነው ካልሽ፣ ሙኮሲል ላለበት፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ለሄደበት፣ ዕጢ ወይም ፈንገስ ላለበት፣ ሥር የሰደደ ሳይነሳይተስ ኖሮት በስፕሬይና በማጠብ በደንብ ተሞክሮ ላልተሻለው። ያኔ ነው እነዚህ ሁሉ የአፈጣጠር ልዩነቶች ዋጋ የሚያወጡት። በአፍንጫ በኩል በካሜራ ሲገባ ቀዳጁ ሐኪም አንገቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ የትኛው ሴል እንደሚያግደው፣ አንሲኔት የሚባለው አጥንት ከላይ የት እንደተያያዘ፣ የፊተኛው የኤትሞይድ ደም ሥር አጥንት ውስጥ ነው ወይስ ተንጠልጥሎ እንዳለ፣ የማሽተት ጉድጓዱ በኬሮስ አለካክ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ፣ ከ1 እስከ 3 ከሆነ ጥልቀት የለውም፣ ከ4 እስከ 7 መካከለኛ ነው፣ ከ8 በላይ ከሆነ ግን የአንጎሉ ወለል ጎን በጣም ስስና ተጋላጭ ነው፣ ይሄን ሁሉ አስቀድሞ ያያል። የሌለ ሳይነስን "እንክፈት" ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፣ ግንባር ላይ ሲበሳ ከአጥንቱ ቀጥሎ የሚገኘው አየር ሳይሆን የአንጎል ሽፋን ነው። "ካላስከፈትሽው ወደ ጭንቅላትሽ ይገባል" ያለሽ ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

አውሮፕላኑን አትፍሪ። በበረራ የሚያመው አየር ያለው ሳይነስ መውጫው ሲዘጋ ነው፣ በተለይ ሲወርድ፣ የግንባሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቃል። የቀኙ አየር ስለሌለው ግፊት የሚያመጣበት ነገር የለም፣ የግራው ክፍት ነው። ጉንፋን ይዞሽ አፍንጫሽ ጥርቅም ካለ ብቻ ከተቻለ ቀኑን ለውጪ፣ ካልተቻለ ከመነሳትሽ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ኦክሲሜታዞሊን ጠብ አድርጊ፣ ከአዘዞ አዲስ አበባ አጭር በረራ ስለሆነ አንዴ ይበቃል። ደም ግፊት ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጠብታውን ሐኪም ሳትጠይቂ አይሆንም።

ወንድምሽ ያንቺ ስለሌለ ብሎ ሲቲ አይነሳም። የሳይነስ ሲቲ ጨረሩ ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰው ከአካባቢው በዓመት ከሚያገኘው፣ በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው፣ ያነሰ ነው፣ ግን ለምንም አይረባም። እሱንም ስለ ራስ ምታቱ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂው፣ ማይግሬን በቤተሰብ ይሄዳል። ከመካከላችሁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማይለቅ አክታ ያለው ሳል፣ የሚፈስ ጆሮና የማያቋርጥ ንፍጥ ያለበት ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሲሊያ የሚባሉት ጸጉሮች በተፈጥሮ የማይሰሩበት በሽታ አለ፣ የግንባር ሳይነስም አብሮ አይዳብርም፣ አንዳንዶቹ ላይ ልብ በቀኝ በኩል ይገኛል፣ እሱ ይመርመር።

የሚያስቸኩሉትን ልንገርሽ፣ ላንቺም ለማንም፦ ግንባር ላይ ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት፣ ያበጠ የዓይን ቆብ፣ ዓይን ወደ ውጭ መገፋት ወይም አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ከትኩሳት ጋር የማይቻል ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የአንገት አለመታጠፍ፣ መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ። ከነዚህ አንዱ ከታየ በዛው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል። ከግንባር ሳይነስ ወደ አንጎል የሚሄዱት ደም ሥሮች ቫልቭ የላቸውም፣ በተለይ ሳይነሱ ገና እያደገ ያለ የ13፣ የ15፣ የ17 ዓመት ልጅ ላይ ኢንፌክሽኑ በቀናት ውስጥ ሊሻገር ይችላል። ለሱ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ነው፣ ሲቲውም በኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር በሚሰጥ ማጉያ መድኃኒት ነው፣ ፋርማሲ ሄዶ ኦግመንቲን መግዛት አይደለም።

እኔ ያነበብኩት ሪፖርቱን ነው፣ ምስሉን አላየሁም፣ አፍንጫሽንም በካሜራ አልፈተሽኩም። ስለዚህ ሲዲውን ይዘሽ አንገት በላይ ሐኪም ጋር አንዴ ታዪ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሲዲ ይጫጫራል፣ ፍላሽ ላይ አስገልብጪው፣ ነገ ግንባርሽ ቢመታ ወይም የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግሽ የቀኙ እንደሌለ ማወቅ ሐኪሙን ይጠቅመዋል። ስፕሬዩንና ማጠቡን 12 ሳምንት በደንብ ተጠቅመሽ አፍንጫሽ አሁንም ከታፈነ ተመለሺ፣ ያኔ አለርጂና ፖሊፕ፣ ማለትም አፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ለስላሳ ስጋ፣ እንፈልጋለን።